የእማዬ ፎልደር፦ የካንሰር ታማሚ ወረቀት እንዴት ይያዛል

ደሴ ውስጥ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ፣ ሁለት ወንበር። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የሕክምና ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። ሪፈር፣ የደም ውጤት፣ የጤና መድን ደብተር። ወረቀቱን የሚሰጠኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው አይደለም፤ አስታማሚው ነው። አራት ቦታ ተጣጥፎ፣ ከሹራብ ኪስ ወይም ከነጠላ ጫፍ ተፈትቶ ይወጣል። የደሴ ዝናብ ያበሰበሰው አለ። የሽሮ ጠብታ ያረፈበት አለ።

እኔም አስታማሚ ነኝ። እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ነው ያሳደገችን። በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘች። አታምም። ስለማታምም ሁለት ወር ለማንም ሳትናገር ቆየች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምምም። እብጠቱ ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቶሎ ታዩ።

ሐኪም አይደለሁም። ይሄን መድኃኒት ውሰዱ፣ ያንን ተዉ አልልም። እኔ የማውቀው ወረቀት ነው። የካንሰር ሕክምና ደግሞ በወረቀት የሚሄድ ሕክምና ነው። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው፣ ለዓመታት። አንዷ ወረቀት ስትጠፋ ሳምንታት አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ወረቀቱ፣ ናሙናውና ፊርማው እንዴት እንደሚያዝ፣ ከእማዬ ጋር ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

ናሙናው በእጃችሁ ሲሆን

ካንሰር መሆን አለመሆኑ በዓይን አይታወቅም። በአልትራሳውንድ ብቻም አይረጋገጥም። ከእብጠቱ ትንሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ፓቶሎጂ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ናሙናውን ከሐኪሙ ተቀብሎ ላብራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚው ራሱ ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣችኋል። በእጃችሁ ያለው የእናታችሁ ሥጋ ነው።

የእማዬ የመጀመሪያ ናሙና ተበላሽቶብናል። የትና በማን እጅ እንደሆነ አልጽፍም። ዕቃው ውስጥ ፈሳሽ ነበር። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ነው ብዬ ምንም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው ውጤት አንድ መስመር ነበር፦ ናሙናው ለምርመራ አይሆንም፣ ይደገም። እማዬ ያን ወፍራም መርፌ ድጋሚ ተወጋች። ሲወጓት እጄን ይዛ "አብሽር፣ አብሽር" ትለኝ የነበረችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ላይ ጠየቅኩ። እናንተ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ፈሳሹ ፎርማሊን ነው ወይ? ለዚህ የሚሆነው አሥር በመቶ የሚባለው ፎርማሊን ነው። ተራ ውሃ ወይም የጉሉኮስ ፈሳሽ ሥጋውን አያቆየውም፤ ይበሰብሳል። መጠኑም አለ፦ ፈሳሹ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ሥጋው ታች ተጣብቆ ፈሳሹ ጠብ ያለች ብቻ ከሆነ አትቀበሉ፤ ይጨመርበት በሉ። ስትጠይቁ የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ስሙ ደግሞ በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ። ክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይቀያየራል። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ ከየትኛው ጡት እንደተወሰደ፣ ቀኑ፣ ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት። ሰዓቱ ለምን? የጡት ካንሰር ከሆነ በኋላ በዚያው ሥጋ ላይ የሚሠራ የሆርሞን ምርመራ አለ። ለእሱ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ቢቆይ ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ዓርብ የተወሰደ ናሙና ቤት አስቀምጣችሁ ማክሰኞ አትውሰዱ። የዚያኑ ቀን አድርሱ። ካልሆነም ገና ሳይወሰድ በፊት ሐኪሙን "ሰኞ ብናደርገው አይሻልም?" በሉ።

ላብራቶሪው ሲቀበላችሁ ቁጥር ይሰጣል። የዚያች ቁጥር ነገር! ሥጋው እዚያ ሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ይሆናል። ከብሎኩ ስስ ስስ ተደርጎ ይላጥና መስታወት ላይ ይነጠፋል፣ ቀለም ይቀባል። ብሎኩ ግን አይጣልም፤ ይቀመጣል። ወደፊት ሌላ ምርመራ ቢታዘዝ እማዬን እንደገና መውጋት አያስፈልግም፤ ብሎኩን ማምጣት ነው። ያለዚያች ቁጥር ግን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ቁጥሯን ስልካችሁ ላይም፣ ደብተራችሁ ላይም ጻፏት።

የእማዬን ብሎክ አብረን ሄደን ነው የተቀበልነው። የሆርሞን ምርመራው አዲስ አበባ እንዲሠራ ታዞ ነበር። መዝገብ ላይ ፈረምኩና በፋሻ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "እስቲ ልያት" አለች። ፈታሁት። ከክብሪት ሳጥን የምታንስ ፕላስቲክ፣ ላይዋ ነጭ ሰም። ሰሙ መሃል ቡናማ ነጠብጣብ፣ የምስር ክክ የምታህል። ጎኗ ላይ ቁጥሩ በእርሳስ ተጽፏል። እማዬ ጣቷን ሰሙ ላይ አሳረፈችና ዝም አለች። ቆይታ "ይቺ ናት እንዴ ይሄን ሁሉ ያደረገችው?" አለች። መልሼ ጠቀለልኩት።

ብሎክ ይዛችሁ የምትጓዙ ሰዎች ሙቀትን ተጠንቀቁ። ሰም ነውና ይለሰልሳል። ደሴ ላይ ብርድ ስለሆነ አይታሰባችሁም። ከኮምቦልቻ ወርዳችሁ ከሚሴን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን መኪናው ምድጃ ነው። መስታወቱ ስር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አታስቀምጡት። እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ መሃል አድርጌ እግሬ መሃል ይዤው ነው የሄድኩት።

ቃሉን አትሸፍኑ

ውጤቱ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ነው። "ካርሲኖማ" የሚለው ቃል ካንሰር ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ የአባቱን ውጤት ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ይቺን ቃል በፍሉይድ አጥፍተህ ኮፒ አድርግልኝ" አለኝ። አባቱ እንዳያይ ነው። እንቢ አልኩት። እንቢ ያልኩት ደግሞ እኔው ራሴ ስላደረግኩት ነው።

የእማዬ ውጤት ሲመጣ ዋናውን ደበቅኩ። ቃሉን በፍሉይድ ሸፍኜ ኮፒ አድርጌ "እጢ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል" ብዬ ሰጠኋት። እማዬ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ግን የእህቷ ልጅ ዘንድ ወሰደችው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። ልጅቷ አነበበችና "አክስቴ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው" አለቻት። በማግስቱ ሱቄ መጣች። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘርግታ ባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አደረገችና "እዚህ ምን ነበረ?" አለችኝ። ዝም ስላት "ልጄ፣ ዱዓ የማደርገው ስሙን ሳላውቅ ነው እንዴ? ምን አንሳልኝ ብዬ ልለምን?" አለች።

ነገርኳት። አለቀሰች፤ አለቀስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቀጠሮዋን የምታስታውሰው እሷ ሆነች። ሐኪሙን የምትጠይቀውም እሷ ናት። መድኃኒቱ ሲከብዳት ለምን እንደምትታገስ ታውቃለች። የማታውቅ ሰው ግን ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ "እጢው ወጥቶ የለ፣ ለምን ታሰቃዩኛላችሁ?" ብትል ምን ትሏታላችሁ?

እንዴት ይነገር ካላችሁኝ፦ ውጤቱ ሳይመጣ በፊት ራሷን ጠይቋት። "ሐኪሙ ውጤቱን ለማን እንዲነግር ትፈልጊያለሽ?" ለልጄ ይንገር ያለች መብቷ ነው። ልስማ ያለችን ግን አትከልክሏት። ሐኪሙ ይንገራት፣ እናንተ አጠገቧ ሁኑ። ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አይሁን። ዘመድ ሰብስባችሁ በሌሊት አትሂዱባት፤ መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ እሷ በሕይወት አለች።

ፎልደሩ

እኔ የምመክረው ባለ ኪስ ፕላስቲክ ፎልደር ነው፤ እንደ መጽሐፍ የሚገለጠው። ወረቀት አይታጠፍም፣ አይበሳም፣ ዝናብ አያገኘውም።

የመጀመሪያው ኪስ ውስጥ የፓቶሎጂ ውጤት። ሁልጊዜ የመጀመሪያው። ማንኛውም አዲስ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከኋላው የቀዶ ሕክምናው ወረቀት፣ የሆርሞን ምርመራው፣ የልብ አልትራሳውንዱ፣ ከዚያ የኬሞው ዝርዝር፣ ከዚያ የደም ውጤቶቹ በቀን ቅደም ተከተል። ሪፈርና የመድን ወረቀት ለብቻቸው ይሁኑ፤ በየመስኮቱ ስለሚጠየቁ ቶሎ ይቀደዳሉ። ሪፈሩ ማህተም እንዳለው ከግቢው ሳትወጡ እዩ።

ከሁሉም በላይ የኬሞውን ዝርዝር እደግመዋለሁ። እማዬ መጀመሪያ አራት ዙር የወሰደችው ቀይ መድኃኒት ነበር። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ታማሚዎቹ "ቀዩ" ይሉታል፤ ከወሰዱት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንትም ይቀላል፣ አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ቀዩ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት ልቧ በአልትራሳውንድ የሚታየው። ለዚህም ነው አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው መጠን ጣሪያ ያለው። ሐኪሙ ያንን ጣሪያ ሊቆጥር የሚችለው ከዚህ በፊት ስንት እንደወሰደች ካወቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የመድኃኒቱ ስም፣ በሚሊግራም ስንት፣ ስንተኛ ዙር፣ በምን ቀን፣ ጽፈው እንዲሰጧችሁ ነርሷን ጠይቁ። ወረቀት የለም ካሏችሁ ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ እያነበበች ጻፉ።

ይሄን ያወቅኩት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እማዬ ስድስተኛውን ዙር ጨርሳ ሰባተኛውን እየጠበቀች ነበር። በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆነን ወጣን። ሐረጎን ስንወርድ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እማዬ ፎልደሩን በነጠላዋ ደረቷ ላይ አስራዋለች፤ ልጅ እንደሚታዘል፣ ግን በፊት ለፊት። ሌላ የያዘችው ነገር አልነበረም። ሱቄ ተዘረፈ። ማሽኑም፣ ወረቀቱም፣ ወንበሩም ሄደ። አዲስ አበባ ገብተን ሰባተኛውን ዙር በማያውቃት ሐኪም ፊት ስትቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቀዩን ስንት ወስደሻል?" ነበር። ፎልደሩን ገለጠችለት። በዚያው ሳምንት መድኃኒቷን አገኘች። አጠገባችን የተቀመጠች የሐይቅ ሴት ግን ምንም ወረቀት አልነበራትም። ስትጠየቅ "ሁሉም እዚያ ቀረ" ብቻ ነው የምትለው።

ከኮፒ ሥራዬ የማውቀው ሌላም አለ። የልብ ምርመራ፣ የአልትራሳውንድ ፎቶ፣ አንዳንድ የማሽን ውጤት የሚታተመው በቀለም አይደለም፤ በሙቀት ነው። ለስለስ ያለ፣ አብረቅራቂ ወረቀት ነው። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ በዓመቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተሰጣችሁ ሳምንት ኮፒ አስደርጉት። ላሚኔት ግን በፍጹም አታስደርጉት። የላሚኔቱ ሙቀት ሙሉውን ያጠቁረዋል። አንዲት እናት ለጥንቃቄ ብላ ሌላ ቦታ አስደርጋው ጥቁር ወረቀት ይዛ መጥታ አይቻለሁ። ምንም ማድረግ አልተቻለም።

ስልክም አለ። እያንዳንዷን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ። ቁጥሩና ቀኑ የሚነበብ ይሁን። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ይገኛል። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ግን አትልቀቁት፤ የእናታችሁ ጡት ምርመራ የሰፈር ወሬ መሆን የለበትም።

ቀጠሮ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ወርሃ የካቲት ላይ "በ21 ነይ" ተባለች። የተባለው በፈረንጅ ነበር። የፈረንጁ 21 በእኛ የካቲት 14 ነው። እሷ በየካቲት 21 ሄደች። ሙሉ ሳምንት አለፋት።

ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በኛ ነው በፈረንጅ? ቀኑ ማን ነው፣ ማክሰኞ ነው ረቡዕ? ሰዓቱስ በኛ ነው? የሳምንቱን ቀን ካወቃችሁ ስህተቱ እዚያው ይገለጣል። ከዚያ ቤት ያለው ካላንደር ላይ አክብቡት፣ ከጓዳው በር አጠገብ ይሰቀል።

ከዚሁ ጋር ትንሽ ካርድ ሥሩ። እኔ ለእማዬ በሩብ ወረቀት አትሜ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼ ነበር። "ኬሞ እየወሰድኩ ነው። የመጨረሻው ዙር ቀን ይህ ነው። ትኩሳት ካለኝ አስቸኳይ ነው።" ከሥሩ የኔ ስልክ። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ በተለይ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ሰውነትን ከተዋህስያን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። በዚያ ሰሞን ትኩሳቷ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር የለም። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ግዙ። በእጅ ግንባር መንካት አይበቃም።

የጥናት ወረቀት ሲመጣ

ይሄኛውን ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረንምና።

በ2015 ክትትል ላይ ሳለን አንድ የማስተርስ ተማሪ መጣ። ትሁት ልጅ ነው። ስለ ጡት ካንሰር እያጠና እንደሆነ፣ እማዬን ጥቂት ጥያቄ መጠየቅና ከተቀመጠው ብሎክ ትንሽ መውሰድ እንደሚፈልግ ነገረን። ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጠን፦ የስምምነት ፎርም። ወረፋ ላይ ነበርን። አጠገባችን ያሉት ሳያነቡ ፈረሙ። እኔም ብዕሬን አወጣሁ። እማዬ እጄን ያዘችኝ። "አንብብልኝ" አለች።

እያነበብኩላት ትዝ ያለኝ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሄንሪየታ ላክስ ትባላለች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት። በ1951 በፈረንጅ አቆጣጠር ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ በሚባል ሆስፒታል የማሕፀን በር ካንሰር ስትታከም ከዕጢዋ ሥጋ ተወሰደ። አልተጠየቀችም፣ አልተነገራትም። የዚያኑ ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች። ሴሎቿ ግን ላብራቶሪ ውስጥ መባዛት አላቆሙም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለማቋረጥ የተባዛ የሰው ሴል አልነበረም። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር የእሷ ሴሎች ላይ ነው የተሞከረው። ለዓለም ሁሉ ተሰራጩ፣ ተሸጡ። ቤተሰቧ የሰማው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በፈረንጅ 2023 የልጅ ልጆቿ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጉዳዩን ዘጉ።

ለእማዬ ማታ ቡና ላይ ነው የነገርኳት። አቦሉ ወርዶ ቶናው ተጥዶ ነበር። ሲኒዋን አስቀምጣ "ባይጠይቋትም ሰው አድናለች። ቢጠይቋት ግን እንቢ ትል ነበር?" አለች። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት። ሃራልድ ዙር ሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ያሳየ ሰው ነው፤ በፈረንጅ 2008 ኖቤል አግኝቷል። ከሁለቱ ዋና ዋና ቫይረሶች አንደኛው በሄንሪየታ ሴሎች ውስጥም ተገኝቷል። ከዚያ ዕውቀት ክትባቱ መጣ። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የኔ ልጅ እዚሁ ደሴ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ተከትባለች። እማዬ የልጅ ልጇን ክንድ አየች፤ መርፌው የት እንዳረፈ የምትፈልግ ይመስል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ክርክር ነበረን። ጎረቤት "ሥር አለ፣ ከዛፍ የሚጨመቅ አለ፣ እሱን ትጠጣ" ይል ነበር። አልተቆጣሁም። የእማዬ ሁለተኛው የኬሞ መድኃኒት ፓክሊታክሴል መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው፤ ምዕራብ አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ። ልዩነቱ ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል በሰዎች ላይ ተለክቶ፣ ተጽፎ መምጣቱ ነው። እነዚያ ሰዎች ወረቀት ፈርመዋል። ከእኛ በፊት የፈረሙ ሰዎች ባይኖሩ እማዬ የምትወስደው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ጥናትን ሽሹ አልልም። እኛም አገር መጠናት አለብን። ግን አውቃችሁ ፈርሙ።

እኛ የጠየቅነው ይሄን ነው። ጥናቱ ስለ ምንድን ነው፣ የሚያጠናውስ ማን ነው? እንቢ ብትል ሕክምናዋ ይቀራል? ይሄን ሐኪሟ ፊት ጠይቁ። መልሱ "አይቀርም" መሆን አለበት፤ ዝም ካሉ ወይም ካጉረመረሙ አትፈርሙ። ዛሬ ፈርማ ነገ ሐሳቧን ብትቀይርስ? መውጣት ትችላለች፤ ይሄ የተሳታፊ መብት ነው። አዲስ ነገር ከሰውነቷ ይወሰዳል ወይስ የተቀመጠው ብቻ? ከብሎኩ ሲወሰድ ለወደፊት ምርመራዋ የሚበቃ ይቀራል? ስሟ ወረቀቱ ላይ ይወጣል ወይስ በቁጥር ይቀየራል? ናሙናው ከአገር ይወጣል? ለሌላ ጥናትስ ይውላል ወይስ ለዚህ ብቻ? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቁጥር የታለ? ቅሬታ ቢኖረን የምንደውልበት ስልክ የታለ?

ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ጥናት ከሆነ ጥያቄው ይጨምራል። የተለመደውን ሕክምና ያስቀራል ወይ? ብትጎዳ የሚያሳክማት ማን ነው? ለዚህ ዓይነቱ የዚያኑ ቀን አትፈርሙ። ወረቀቱን ቤት ውሰዱ፣ እደሩበት። ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ውጡ።

እማዬ እነዚህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀች። "የቀረውስ?" አለችው ተማሪውን። "ከወሰድከው የሚተርፈው የት ይሄዳል? ቆሻሻ ላይ ይጣላል?" ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣም የት እንደተቀበረ ጠይቃ ነበር። ለኛ የሰው ገላ አፈር ይገባዋል። ተማሪው አልቸኮለም። ብሎኩ ወደ ነበረበት ላብራቶሪ እንደሚመለስ፣ ከሱ የተላጠው ስስ ነገር መስታወት ላይ ሆኖ እንደሚቀመጥ በዝርዝር ነገራት። "እንግዲያው ይሁን። የኔን ያየ ለሌላዋ ይድረስ" አለች።

ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ይፈርማል። ግን ከጥናቱ ጋር ንክኪ የሌለው ምስክር ሆኖ ሲነበብ መስማትና መፈረም አለበት። አጥኚው ራሱ ምስክር አይሆንም። የኛ ምስክር ወረፋ ላይ የነበሩ የወረኢሉ ቄስ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ሦስቱንም ገጽ ከመጀመሪያው አነበቡት፤ ከዚያ ፈረሙ።

አሁን እማዬ ታሞክሲፌን ላይ ናት። የሆርሞን ምርመራው ካንሰሩ ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን እንደሚያድግ ስላሳየ ነው። መድኃኒቱ ያንን በር ይዘጋል። 20 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት፤ ከ2014 ታኅሣሥ እስከ 2019 ታኅሣሥ። ከዚያ ይቀጥል አይቀጥል ሐኪሟ ይወስናል። ስለማያምማት መተው የሚያምራት ቀን አለ። ካላንደሩ ላይ በየቀኑ ጭረት እናደርጋለን። ያቺ የምስር ክክ የምታህል ነጥብ ናት ይሄን መድኃኒት ያሳየችን።

የፎርሙ ነገር አልጨረስኩም። አንድ ቅጂ የታማሚዋ ነው፤ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ተማሪው አንድ ብቻ ነበረው። ሱቄ ይዤው መጣሁና ኮፒ አደረግኩት። የእማዬ አሻራ ዋናው ላይ ሰማያዊ ነበር፤ ኮፒው ላይ ጥቁር ሆኖ መስመሮቹ ተዋሃዱ። አየችውና "ይሄ የኔ ጣት አይደለም" አለች። ዋናውን እንዲሰጣት ፈለገች። ተማሪው ለመዝገቡ ዋናው ያስፈልገኛል አለ። ስለዚህ ባዶ ፎርም አተምን፣ ቄሱን እንደገና አስቸገርን፣ የማህተሙን ቀለም ከፈትኩ። አውራ ጣቷን ነክራ ሁለተኛው ላይም አሳረፈች። ቀስ ብላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያንከባለለች። እንዲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ተውነው። አሁን ፎልደሩ መጨረሻ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከተማሪው ስልክ ቁጥር ጋር።